ለተራራ መንገድና ለጭነት የሚሆን ያገለገለ ዋገን፦ ከመኪናው ስም በፊት ክብደቱን ይመልከቱ

የቀረበልኝ ጥያቄ ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «በሳምንት ሦስት ወይም አራት ቀን ረጅም የተራራ መንገድ እወጣለሁ፤ እወርዳለሁ። መንገዱ ከፊሉ አስፋልት፣ ከፊሉ ጠጠር ሲሆን በዝናብ ጊዜ ጭቃ፣ በብርድ ወራት ደግሞ በረዶ ይገጥመኛል። እኔን ጨምሮ አራት ሰዎችና 250 ኪሎ ያህል የሥራ ዕቃ እጭናለሁ፤ አልፎ አልፎም ትንሽ ተሳቢ እጎትታለሁ። አሥር ዓመት ገደማ ያገለገለ፣ አራቱም ጎማው የሚነዳ ዋገን (ጣሪያው እስከ ኋላ በር የተዘረጋና የጭነት ክፍሉ ሰፊ የሆነ የቤት መኪና) ልገዛ አስቤ ሱባሩ አውትባክን፣ ቮልቮ ኤክስሲ 70ን እና ስኮዳ ኦክታቪያ ስካውትን በእጩነት ይዣለሁ። የትኛው ይሻለኛል?»

ከሦስቱ አንዱን ስም ጠርቶ መመለስ ይቻላል፤ ብዙ ሰው የሚጠብቀውም ይህንኑ ነው። እኔ ግን ጥያቄውን ሳነብ ቀድሞ ዓይኔን የሳበው የመኪኖቹ ስም ሳይሆን በመካከል እንደ ዋዛ የታለፈው ክብደት ነው። አንድን ሰው በአማካይ 75 ኪሎ ብንል አራት ሰዎች 300 ኪሎ ይመዝናሉ፤ 250 ኪሎ ዕቃ ሲታከልበት 550 ኪሎ ይሆናል። ይህ ለአንድ የቤት መኪና ከባድ ሸክም ነው። ከአነዳድ ሥርዓቱም ከሞተሩም ከዕድሜውም በፊት ምርጫውን የሚያጠበው ይኸው ቁጥር ስለሆነ ከእርሱ እጀምራለሁ።

ማንኛውም መኪና አምራቹ የፈቀደለት ከፍተኛ ጠቅላላ ክብደት አለው። ከዚህ ላይ የባዶው መኪና ክብደት ሲቀነስ የሚቀረው፣ ሰውን፣ ዕቃን፣ በኋላ የተገጠሙ ተጨማሪ ነገሮችን፣ ተሳቢ ካለም በመጎተቻው ኳስ ላይ የሚያርፈውን ጫና ሁሉ ጨምሮ መኪናው ሊሸከመው የሚችለው ነው። ቁጥሮቹ በበሩ ምሰሶ ላይ ወይም በሞተሩ ክፍል ውስጥ ባለው ሰሌዳ ላይ ተጽፈው ይገኛሉ። ለሰሜን አሜሪካ ገበያ በተሠሩ ብዙ አውትባኮች በር ላይ የሰፈረው የሰውና የዕቃ ድምር 900 ፓውንድ፣ ማለትም 408 ኪሎ ነው። ያው ሞዴል ለሌላ ገበያ ሲሠራ ቁጥሩ ከዚህ ሊለይ ስለሚችል፣ ከመጽሔት ወይም ከማስታወቂያ የተገኘን ቁጥር ትተው የሚገዙትን የዚያኑን መኪና ሰሌዳ ያንብቡ። ሲያነጻጽሩ አንድ ወጥመድ አለ፦ በአውሮፓ ደንብ በተዘጋጁ ሰነዶች ላይ የባዶው መኪና ክብደት አብዛኛውን ጊዜ 75 ኪሎ የሾፌር ክብደትን አስቀድሞ ይዟል፤ በሌሎች ሰነዶች ላይ ግን አይቆጠርም። ስለዚህ ሁለት መኪኖች በወረቀት ላይ የ75 ኪሎ ልዩነት ቢያሳዩም በእውነቱ እኩል የሚሸከሙ ሊሆኑ ይችላሉ።

ጠቅላላው ክብደት በልኩ ቢሆንም እንኳ የኋላው አክስል (የኋላ ጎማዎቹ የተያያዙበት ዘንግ) ለብቻው ከተፈቀደለት በላይ ሊጫን ይችላል። የዋገን የጭነት ወለል ከኋላ ጎማዎች አልፎ ስለሚዘረጋ፣ ከጎማው ኋላ የተቀመጠ ዕቃ እንደ ዘንግ ሚዛን የፊቱን እያቀለለ የኋላውን ከራሱ ክብደት በላይ ይጫነዋል። ለዚህ ነው ከባዱን ዕቃ ዝቅ አድርጎና ከኋላ መቀመጫ ጀርባ አስጠግቶ መጫን የሚያስፈልገው። ጣሪያን በተመለከተ ነገሩ አጭር ነው፤ ለአብዛኞቹ ዋገኖች የሚፈቀደው ከ75 እስከ 100 ኪሎ ሲሆን ከዚያም ውስጥ የራሱ የፖርቶመጋላው ክብደት ይቆጠራል፤ በጠመዝማዛ መንገድ ላይ ደግሞ እርሱም ቢሆን ከሚያስፈልገው በላይ ነው። ጎማም የራሱ ልክ አለው። በጎኑ ላይ ከመጠኑ ቀጥሎ የሚጻፈው ቁጥር የመሸከም አቅሙን ያመለክታል፦ 94 ማለት በአንድ ጎማ 670 ኪሎ፣ 98 ማለት 750 ኪሎ ነው። የቀድሞው ባለቤት ርካሽ ጎማ ሲፈልግ ከተፈቀደው ያነሰ ቁጥር ያለው ገጥሞ ሊሆን ስለሚችል ይህንንም ማንበብ ይገባል።

ቀጥሎ የሚመጣው ቁልቁለቱ ነው። ሰዎች የተራራ መኪና ሲሉ የሚታያቸው የሚወጣ መኪና ነው፤ ነገር ግን አቀበት መኪናውን ቢያዘገየው እንጂ ሰውን እምብዛም አይጎዳም፤ ጉዳት የሚያደርሰው ቁልቁለት ነው። ከነጭነቱ 2,000 ኪሎ የሚመዝን መኪና 1,000 ሜትር ከፍታ ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት ወደ 19.6 ሜጋ ጁል ይደርሳል፤ ይህም 58 ሊትር ውሃን ከ20 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ እስከ መፍላት ለማድረስ ይበቃል። ቁልቁለቱ 8 በመቶ ቢሆንና መኪናው በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ቢወርድ መንገዱ ሩብ ሰዓት ይፈጃል፤ በዚያ ሩብ ሰዓት ውስጥ ያለ ማቋረጥ 22 ኪሎ ዋት ያህል ጉልበት አንድ ቦታ መጥፋት አለበት። ከፊሉን ነፋሱና የጎማው መንከባለል ይወስዱታል፤ የቀረውን ወይ ሞተሩ በዝቅተኛ ማርሽ ይይዘዋል፣ ወይ የፍሬን ዲስኮች ወደ ሙቀት ይለውጡታል። አራቱም ጎማ መነዳቱ እዚህ ላይ እምብዛም አይጠቅምም፤ መኪናን ለማስነሳትና ለማውጣት ይረዳል እንጂ ለማቆም አይረዳም። ፍሬንማ ባለ ሁለት ጎማ ነጂ በሆነው መኪና ላይም በአራቱም ጎማ ነው የሚይዘው። እንዲያውም በሚያንሸራትት አቀበት ላይ ያለ ችግር የወጣ ሾፌር መንገዱ የያዘለት መስሎት በመውረጃው ላይ ይታለላል።

በዚህ ምክንያት ያገለገለ መኪና ሲመርጡ ፍሬኑን ከሞተሩ እኩል ይመርምሩ። የዲስኩ ውፍረት በራሱ ላይ ከተጻፈው ዝቅተኛ ልክ ጋር መነጻጸር አለበት፤ ገጹ ላይ ሰማያዊ ጥላ ወይም የጸጉር ያህል ቀጭን ስንጥቅ ከታየ መኪናው በቁልቁለት ላይ ፍሬን ብቻ እየተረገጠ ይነዳ እንደነበረ ይናገራል። የፍሬን ዘይት ከአየር ውስጥ እርጥበት ይስባል። ዶት 4 የሚባለው ደረጃ አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ መቆየት አለበት፤ 3.7 በመቶ ውሃ ከያዘ በኋላ ግን የሚጠበቅበት ዝቅተኛ ልክ 155 ዲግሪ ብቻ ነው። ዘይቱ በመስመሩ ውስጥ ከፈላ እንፋሎቱ ስለሚታመቅ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይወርዳል፤ መኪናው ግን አይቆምም። በየሁለት ዓመቱ መለወጥ ያለበት ይህ ዘይት ከሁሉም ጥገና ርካሹ ሲሆን፣ ከሁሉም በላይ የሚረሳውም እርሱ ነው።

አቀበቱን በተመለከተ መናገር የሚገባው በሁለት ነገር ላይ ነው። የመጀመሪያው አየሩ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ላይ የአየሩ ጥግግት በሩብ ያህል ስለሚቀንስ፣ ቱርቦ የሌለው 150 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር እዚያ ላይ እንደ 110 የፈረስ ጉልበት ሞተር ይሆናል። ቱርቦ ያለው ሞተር የጎደለውን አየር በአብዛኛው ስለሚተካ፣ ለጭነትና ለከፍታ የናፍጣ ቱርቦ ሞተር የተሻለ ምርጫ ነው፤ በዝቅተኛ የሞተር ዙር ብርቱ ጉልበት ስለሚሰጥም ካምቢዮውን አያስጨንቅም። የናፍጣው ድካም በአጭር ጉዞ ብቻ የሚነዳ ከሆነ የጭስ ማውጫው የጥላሸት ፊልትሮ መዘጋቱ ነው፤ ጠያቂው እንደሚሉት ረጅም መንገድ ለሚወጣ ሰው ግን ይህ ብዙም አያሰጋም። ሁለተኛው ነገር ሙቀት ነው። ሙሉ ጭነት ይዞ ግማሽ ሰዓት ያለ ማቋረጥ የሚወጣ መኪና፣ በከተማ ውስጥ ለዓመታት ሳይታይ የኖረውን የራዲያተርም የካምቢዮም ድካም በአንድ ቀን ያወጣዋል። እንግዲህ የሙከራ ጉዞው ሜዳ ላይ ከሆነ ስለ መኪናው የሚነግርዎ ነገር ጥቂት ነው።

አሁን ወደ አነዳዱ ሥርዓት እንመለስ። አራት ጎማ የሚነዳ የቤት መኪና ሐሳብ አዲስ አይደለም፤ ሱባሩ ሌኦኔ የተባለውን ዋገን በዚህ ዓይነት ያቀረበው በ1972 ነው፤ አውዲም ኳትሮን በ1980 አስከትሏል። እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው። ዛሬ በገበያ ላይ የሚገኙትን ያገለገሉ ዋገኖች በሦስት ቤተሰብ መክፈል ይቻላል፤ ለገዢ የሚጠቅመውም እያንዳንዱ እንዴት እንደሚሠራ ከማወቅ ይልቅ እንዴት እንደሚበላሽ ማወቁ ነው።

አንደኛው ቤተሰብ በፊትና በኋላ አክስል መካከል ሦስተኛ ዲፈረንሻል (ጎማዎች በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ የሚያስችል የጥርስ ቤት) ያለው ነው። ሞተራቸው በቁመት የተቀመጠ ብዙ አውዲዎች ቶርሰን የተባለውን ጥርሳም ዲፈረንሻል፣ በእጅ ማርሽ የሚነዱ ሱባሩዎች ደግሞ ከዲፈረንሻሉ ጋር በወፍራም ፈሳሽ የሚሠራ ማያያዣ ይጠቀማሉ። ይህ ቤተሰብ ጠንካራ ነው፤ ኃይሉ ዘወትር ለአራቱም ጎማ ስለሚደርስ ጎማ እስኪንሸራተት አይጠብቅም። የፈሳሽ ማያያዣው ሲያረጅ ግን ይደርቅና መኪናው ጠባብ መዞሪያ ላይ እንደ ታሰረ በቅሎ ይንገታገታል።

ሁለተኛው ቤተሰብ ከካምቢዮው ጀርባ በዘይት ውስጥ የተደራረቡ የፍሪሲዮን ሰሌዳዎች ያሉት ሲሆን፣ ኮምፒውተሩ ሰሌዳዎቹን እያጠበቀና እያላላ ለኋላው ጎማ የሚደርሰውን ኃይል ይመጥናል። አብዛኞቹ አውቶማቲክ ሱባሩዎች እንዲህ ናቸው። ሰሌዳዎቹ ሲበላሹ ወይም የሚቆጣጠራቸው ቫልቭ ሲጣበቅ፣ በደረቅ አስፋልት ላይ መሪው እስከ መጨረሻው ተጠምዝዞ በዝግታ ሲኬድ መኪናው ይይዛል፤ ይንቀጠቀጣል። እዚህ ላይ ገዢዎች የማያውቁት አንድ ዘዴ አለ፦ በአሮጌዎቹ ባለ 4 ማርሽ አውቶማቲክ ሱባሩዎች ላይ የኋላውን አነዳድ ለማቋረጥ የተዘጋጀ የፊውዝ ቦታ ስላለ፣ ሻጩ እዚያ ላይ ፊውዝ ሰክቶ መኪናውን የፊት ጎማ ነጂ በማድረግ ሕመሙን ሊሸፍነው ይችላል። ፊውዙ ሲሰካ በዳሽቦርዱ ላይ ይህን የሚያመለክት መብራት ስለሚበራ፣ መብራቱ መኖሩንና ቁልፉ ሲከፈት ለጥቂት ሰከንድ መብራቱን ማረጋገጥ ይገባል፤ አምፖል ማውጣት ከባድ ሥራ አይደለምና።

ሦስተኛው ቤተሰብ በመደበኛ ጉዞ በአብዛኛው የፊት ጎማ የሚነዳ ሆኖ፣ የኋላውን ጎማ የሚያስገባው ከኋላው ዲፈረንሻል ፊት የተቀመጠ ሃልዴክስ የተባለ ማያያዣ ነው። ጠያቂው ከመረጧቸው ውስጥ ኤክስሲ 70 ከ2003 ሞዴል ጀምሮ፣ ኦክታቪያ ስካውትም ሁልጊዜ የዚህ ቤተሰብ ናቸው። አሠራሩ ፈጣንና ብልህ ነው፤ የከፋው ነገር ሲበላሽ ዝም ማለቱ ነው። ትንሿ የኤሌክትሪክ ፓምፕ ስትቃጠል ወይም ማጣሪያዋ በሰሌዳዎቹ ብናኝ ሲታፈን መኪናው ያለ አንዳች ድምፅ የፊት ጎማ ነጂ ሆኖ ይቀጥላል፤ ባለቤቱም በረዶ እስኪመጣ ድረስ አያውቅም። በ2013 አካባቢ በመጣው በአምስተኛው ትውልድ ሃልዴክስ ላይ በፓምፗ ላይ ያለችው ወንፊት በመደበኛው የጥገና ዝርዝር ውስጥ ስለሌለች ዘይቱ በተለወጠ ቁጥር ሳትጸዳ የምትቀርበት ጊዜ ብዙ ነው። በቮልቮ ደግሞ፣ በተለይ እስከ 2007 በተሠሩት ላይ፣ ከካምቢዮው ኃይል ተቀብሎ ወደ ኋላ በሚያዞረው የማዕዘን ጥርስ ቤት ውስጥ ያለው እጅጌ ጥርሱ ይበላና ግንኙነቱ ይቋረጣል። አንዳንድ ባለቤት ጥገናውን ሸሽቶ ወደ ኋላ የሚሄደውን ረጅም ዘንግ ጭራሽ አውልቆ ይነዳል። እኔ ራሴ መኪና ሰቅዬ፣ ኋላ በሩ ላይ የአራት ጎማ ነጂነቱ ጽሑፍ እያብለጨለጨ ከሥሩ ግን ዘንጉ የሌለበትን ከአንድ ጊዜ በላይ አይቻለሁ።

ከእነዚህ ሁሉ ሥርዓቶች በላይ ዕድሜያቸውን የሚወስነው ግን የጎማው መመሳሰል ነው። ጥርሱ 8 ሚሊ ሜትር የሆነ አዲስ ጎማና 4 ሚሊ ሜትር የቀረው አሮጌ ጎማ በዙሪያቸው 25 ሚሊ ሜትር ይለያያሉ። ሁለቱ አንድ መኪና ላይ ከተገጠሙ ማያያዣው በቀጥታ መንገድ ላይ እንኳ ልዩነቱን ሲያስታርቅ፣ ሰሌዳዎቹም ሲፋተጉና ሲሞቁ ይኖራሉ። ሱባሩ የሚፈቅደው የዙሪያ ልዩነት ሩብ ኢንች፣ ማለትም ከ6 ሚሊ ሜትር ትንሽ የበለጠ ብቻ ነው፤ ይህ በጎማው ጥርስ ላይ ሲታይ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ኤክስድራይቭ የተባለው የአራት ጎማ አነዳድ ያላቸው የቢኤምደብሊው ዋገኖችም የኃይል ማከፋፈያ ሳጥናቸው በዚሁ ምክንያት ሲጎዳ ይታያል። ስለዚህ ለማየት የሄዱበት መኪና ሁለት አዲስና ሁለት ያለቀ ጎማ፣ ወይም አራት ዓይነት ጎማ ከያዘ፣ ሻጩ ስለ ጥገናው የሚናገረውን ሁሉ በጥርጣሬ ይስሙት። በረዶ ለሚገጥመው ሰው ጎማው በጎኑ ላይ ባለ ሦስት ጫፍ ተራራና በውስጡ የበረዶ ቅንጣት ምልክት ያለበት ይሁን፤ የጭቃና የበረዶ ፊደላት (M+S) ብቻ የተጻፉበት ጎማ የበረዶ ፈተና ማለፉን አያረጋግጥም። ጥሩ ጎማ ያደረገ የፊት ጎማ ነጂ መኪና፣ ያለቀ ጎማ ካደረገ አራት ጎማ ነጂ በበረዶ ቁልቁለት ላይ ይሻላል ብዬ ብናገር ማጋነን አይሆንም።

ወደ ሦስቱ እጩዎች ልምጣ። አውትባክ ከመሬት ያለው ከፍታ እንደ ትውልዱና እንደ ገበያው ከ213 እስከ 220 ሚሊ ሜትር ስለሆነ በጠጠርና በጭቃ መንገድ ከሦስቱ የተሻለ ነው፤ ሞተሩም በጎን የተኛ በመሆኑ ክብደቱ ዝቅ ብሎ መኪናው በመታጠፊያ ላይ የተረጋጋ ነው። እስከ 2012 ድረስ የተገጠመለት ኢጄ25 የተባለው ባለ 2.5 ሊትር ሞተር በቴስታታ ጓርኒሲዮን (በሞተሩ አካልና በቴስታታው መካከል ባለው ማሸጊያ) መበላሸት ስሙ ጠፍቷል፤ በ1990ዎቹ መጨረሻ የነበሩት ጋዝ ወደ ራዲያተሩ ውሃ ሲያስገቡ፣ ከ2000 በኋላ ያሉት ደግሞ ዘይትና ውሃ ወደ ውጭ ያንጠባጥባሉ። በ2013 ሞዴል የመጣው ኤፍቢ25 ይህን ችግር በአብዛኛው ያስወገደና በቺንጊያ ፋንታ የታይሚንግ ካቴና (የቫልቮቹን መከፈትና መዘጋት ከፒስተኖቹ ጋር የሚያቀናጅ ሰንሰለት) ያለው ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ግን ዘይት የመጠጣት አመል ስላላቸው የዘይት መለኪያውን ዘንግ ሳይመለከቱ አይግዙ። ከ2010 ጀምሮ በስፋት የተገጠመው ማርሽ አልባው ካምቢዮ፣ ሊኒያርትሮኒክ የሚሉት፣ ምቹ ቢሆንም ሙሉ ጭነት ከተሳቢ ጋር ይዞ በረጅም ዳገት ላይ መሥራት አይወድም፤ አምራቹም በአሜሪካ ለበርካታ ሞዴሎች የዚህን ካምቢዮ ዋስትና እስከ 10 ዓመት ወይም 100,000 ማይል አራዝሞ ነበር። ዘይቱ ለዕድሜ ልክ ነው የሚለውን አባባል አይቀበሉ፤ ለተራራ ሥራ ከ60,000 እስከ 80,000 ኪሎ ሜትር ባለው ውስጥ መለወጥ አለበት ብዬ አምናለሁ።

ኤክስሲ 70 ከሦስቱ ከባዱና ለጭነት የታሰበው ነው። ከ2008 እስከ ምርቱ እስከ ቆመበት እስከ 2016 ያለው ትውልድ ከመሬት 210 ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ ይላል፤ ባለ አምስት ሲሊንደሩ የ2.4 ሊትር ናፍጣ ሞተርም ለአቀበት የተፈጠረ ይመስላል። በታይሚንግ ቺንጊያ የሚሠራ ስለሆነ የተለወጠበት ደረሰኝ ከሌለ እንዳልተለወጠ ይቆጠር። በአንዳንዶቹ ላይ ኒቮማት የተባለው ከኋላ የተገጠመ ሾክ አብዞርበር አለ፤ መኪናው ሲጫን በመንገዱ ንዝረት ራሱን እየነፋ የኋላውን ከፍ የሚያደርግ ነው። ዋጋው ከፍ ስለሚል ብዙዎች በተራ ሾክ ይተኩታል፤ ለኒቮማት የተሠራው ሞላ ግን ብቻውን ለመሸከም ታስቦ የተሠራ ስላልሆነ መኪናው ሲጫን ቁጭ ይላል። ይህን ለማወቅ ሁለት ሰው ኋላ አስቀምጦ ጥቂት ኪሎ ሜትር መንዳትና ከጎን ሆኖ መመልከት ይበቃል።

ኦክታቪያ ስካውት ቀላሉ፣ ነዳጅ ቆጣቢውና መለዋወጫው በብዙ ቦታ የሚገኘው ነው። የሦስተኛው ትውልድ የጭነት ክፍል እስከ 610 ሊትር፣ መቀመጫው ሲታጠፍ 1,740 ሊትር ይይዛል። ከመሬት ያለው ከፍታ 171 ሚሊ ሜትር ነው፤ 550 ኪሎ ሲጫንበት ከዚህ ላይ ስንት እንደሚቀር ማሰብ ቀላል ነው፤ ጥልቅ የጎማ ፈለግ ባለበት ጠጠር መንገድ ላይ ሥሩን ይመታል። አውቶማቲኩ በዘይት ውስጥ የሚሠራ ሁለት ፍሪሲዮን ያለው ባለ 6 ማርሽ ከሆነ ዘይቱ በየ60,000 ኪሎ ሜትር መለወጥ አለበት፤ በእጅ ማርሽ የሚነዳው ግን ለተራራ ሰው የበለጠ ይመቻል።

ከሦስቱ ውጭ ልጠቅሰው የምፈልገው ፎርማቲክ የተባለው የአራት ጎማ አነዳድ ያለው የመርሴዲስ ኢ ክፍል ዋገን ነው፤ ኋላው ራሱን በአየር የሚያስተካክል፣ የጭነት ክፍሉ መቀመጫው ሲታጠፍ 1,950 ሊትር የሚደርስ ሰፊ መኪና ነው፤ ነገር ግን ዝቅ ያለ በመሆኑ መንገዱ አስፋልት ለሆነለት ሰው እንጂ ለጠጠር አይሆንም። ከ2000 ጀምሮ የተሸጠው የመጀመሪያው አውዲ ኦልሮድ በአየር ሞላው ከ142 እስከ 208 ሚሊ ሜትር ከፍ ዝቅ ይላል፤ ድንቅ ሐሳብ ነው፤ በዚህ ዕድሜው ግን የአየር ከረጢቶቹን ችግር መሸከም ለሚችል አፍቃሪ እንጂ ለሥራ ሰው አልመክረውም።

ምርመራውን በዚህ ቅደም ተከተል ቢያደርጉት ደስ ይለኛል። ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ይድረሱ፤ ሻጩ አሙቆ ከጠበቀዎት ሌላ ቀን ይቅጠሩት። የራዲያተሩን ተጠባባቂ ውሃ መያዣ ይመልከቱ፤ ቡናማ አተላ ወይም የዘይት ቅባት መኖር የለበትም። የስህተት ኮዶችን በመሣሪያ ያስነብቡ፤ ኮድ አለመገኘቱ ብቻ አይበቃም፤ የሞተሩ የራስ ምርመራዎች አለመጠናቀቃቸውን ካሳየ ኮዶቹ በቅርቡ ተደምስሰው ሊሆን ይችላል። ከዚያ በደረቅ አስፋልት ላይ መሪውን ሙሉ በሙሉ ወደ ግራ፣ ቀጥሎም ወደ ቀኝ አጥፈው በዝግታ ክብ ይሥሩ፤ መያዝና መንቀጥቀጥ የማያያዣውን፣ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ደግሞ የጎማ ዘንጎቹን መገጣጠሚያ ሕመም ይነግርዎታል። ጠጠራማ ዳገት ላይ አቁመው ጠንከር አድርገው ሲነሡ አንድ ሰው ከጎን ሆኖ የኋላ ጎማዎቹ ጠጠር መወርወራቸውን ይመልከት፤ ለሃልዴክስ ከዚህ የተሻለ ርካሽ ፈተና አላውቅም። በመጨረሻም ሰው አስጭነው ቢያንስ ለ20 ደቂቃ የማያቋርጥ ዳገት ይውጡ። ላይ ሲደርሱ ሞተሩን ሳያጠፉ ኮፈኑን ከፍተው፣ ክዳኑን ሳይነኩ፣ በውሃ መያዣው ውስጥ የማያቋርጥ አረፋ መኖሩን ይመልከቱ፤ ካለ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ጋዝ እያሳለፈ ነው። ሲወርዱ ደግሞ ማርሹን ዝቅ አድርገው መኪናው በሞተሩ መያዙን፣ ፍሬኑም ከብዙ መርገጥ በኋላ መሪውን አለማንቀጥቀጡን ይፈትሹ። መኪናው ተሰቅሎ ሥሩ ሳይታይ ግን ገንዘብ አይክፈሉ፤ የፍሬን ቧንቧዎች ዝገት፣ የኋላው አክስል የታሰረበት ፍሬም፣ የረጅሙ ዘንግ መኖር፣ በመጎተቻው አካባቢ የላሜራ መሰንጠቅ የሚታዩት እዚያ ነው።

ለጥያቄው ቀጥተኛ መልሴ ይህ ነው። አራት ሰውና 250 ኪሎ ዕቃ አንድ ላይ በሳምንት አራት ቀን የሚጫን ከሆነ ከሦስቱ የምመርጠው ሰሌዳው ይህን ክብደት የሚፈቅድ፣ የሃልዴክስ ዘይቱና ቺንጊያው የተለወጠበት ደረሰኝ ያለውን የናፍጣ ኤክስሲ 70 ነው፤ እርሱም ቢሆን በዚህ ጭነት በልኩ ጫፍ ላይ ስለሚሆን፣ ከዕቃው ግማሹን የራሱ ፍሬን ባለው ተሳቢ ላይ ማዛወር ይበጃል። ፍሬን የሌለው ተሳቢ በቁልቁለት ላይ ሸክሙን ሁሉ ለመኪናው ዲስኮች ስለሚተው ለዚህ መንገድ አልፈልገውም። ሰዎቹና ዕቃው በተለያየ ቀን የሚሄዱ ከሆነና መንገዱ በአብዛኛው ጠጠር ከሆነ ከ2013 ወዲህ የተሠራው አውትባክ ይበልጥብኛል። ስካውትን የምመክረው መንገዱ በአብዛኛው አስፋልት ሆኖ ጭነቱ ከ400 ኪሎ ለማይበልጥ ሰው ነው። ይሁን እንጂ ዘይቱ በየጊዜው የተለወጠለትና አራት ተመሳሳይ ጎማ ያደረገ ስካውት ታሪኩ ከማይታወቅ ኤክስሲ 70 ይልቅ የሚገዛ ነው።

የትኛውንም ቢገዙ በመጀመሪያው ሳምንት የፍሬኑን፣ የካምቢዮውን፣ የማያያዣውንና የዲፈረንሻሉን ዘይት ይለውጡ። ቀጥሎም እንደ ሥራ ቀን ሰዎቹንም ዕቃውንም ጭነው፣ ተሳቢውንም አያይዘው፣ የጭነት መኪና ሚዛን ላይ ይውጡ፤ መጀመሪያ መኪናውን በሙሉ፣ ከዚያ የኋላውን አክስል ለብቻው ያስመዝኑና ከበሩ ሰሌዳ ጋር ያስተያዩት። የኋላው ቁጥር ካለፈ ዕቃውን ወደ ፊት ያስጠጉና እንደገና ያስመዝኑ፤ ጠቅላላው ካለፈ ግን ቦታ መቀያየር አይፈይድም፤ ከዕቃው መቀነስ አለበት።